የባሕር ኃይል ሎጂስቲክስ በምን መልክ ይደራጅ? አማራጮቹን ለሚያመዛዝን ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል ሎጂስቲክስ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ የሚነሳ ቡና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አልፎ ጅቡቲ ላይ መርከብ ይጠብቃል። ማዳበሪያውና የመኪና መለዋወጫው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በባሕሩ ላይ የሚሆነው ነገር ሂርማታ ገበያ ድረስ ይሰማል። ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን መልሳ እንደምታቋቁም እ.ኤ.አ. በ2018 ካስታወቀች፣ በ2019 ደግሞ ባሕር ኃይልን የሚጨምር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ከፈረንሳይ ጋር ከፈረመች ወዲህ ስለ መርከብ ብዙ ተወርቷል። መርከቡን ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫው የት እንደሚቀመጥ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ግን ሲነሳ ብዙም አይሰማም። በማታው መርሐ ግብር ንብረት አስተዳደር ከማስተምራቸው ጎልማሶች ጋር በዚህ ጉዳይ አጥብቀን ተከራክረናል። ይህ መመሪያ የተጠናቀረው ከዚያ ክርክር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የመርከብ ጥገናና መለዋወጫ በመርከቡ ዓይነት ቢደራጅ ይሻላል። ነዳጅ፣ ስንቅና አልባሳት በጣቢያ፣ ማለትም መርከቦቹ በሚቆሙበት ሰፈር፣ ወይም ከሌሎች ኃይሎች ጋር በጋራ ቢቀርቡ ጉዳት የለውም። ለሥራ ተቋራጭ የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ተቋሙ ራሱ መርምሮ ሊረከበው የሚችለው ብቻ መሆን አለበት።

ሥራውን በየፈርጁ መለየት

መልሶ ማደራጀት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ሥራ በአንድ ቋት ከመጨመር ነው። ነዳጅ፣ ውሃ፣ ምግብና አልባሳት ከመርከብ መርከብ አይለያዩም፤ ወሳኙ መርከቡ የቆመበት ቦታ ነው። ጥገናና መለዋወጫ ግን ከሞተሩ ሥሪት፣ ከቀፎው (ከመርከቡ የውጪ አካል) ብረት ዓይነትና ከራዳሩ ጋር የተቆራኘ ነው፤ እዚህ ላይ የሚወስነው ዓይነቱ ነው። ሦስተኛው የምሕንድስና ውሳኔ ነው። የቀፎው ብረት በዝገት ሲሳሳ መርከቡ ይውጣ ወይስ ይቁም ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ መጋዘንም ሆነ የመኪና ስምሪት ስለሌለው መዋቅር በሚሠራበት ጊዜ በቀላሉ ይዘለላል። ሲዘለል ምን እንደሚያስከትል ወደ አውስትራሊያ ጉዳይ ስንደርስ እናያለን።

አማራጮቹን ሁሉ በአንድ ጥያቄ መፈተን ይቻላል። አንዲት የቅኝት ጀልባ ዓርብ ማታ ከወደብ ልትወጣ ስትል ሞተሯ ቆመ እንበል። ሜካኒኩ ማንን ይጠራል? ዕቃው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው? ሒሳቡ ከማን በጀት ይወጣል? ጀልባዋ ሰኞም ካልወጣች የሚጠየቀው ማን ነው? ለአራቱም ጥያቄዎች መልሱ አንድ ክፍል ከሆነ አደረጃጀቱ ይሠራል። አራት መምሪያዎች ከተጠሩ ግን ጀልባዋ ሰኞም፣ ማክሰኞም እዚያው ናት።

እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ቢይዝ

የመጀመሪያው አማራጭ ለየጣቢያው የራሱን ግምጃ ቤት፣ የራሱን ጋራዥና የራሱን በጀት መስጠት ነው። አዛዦች ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሜካኒኩ ጀልባዋን በስሟ ያውቃታል፣ ዕቃው ቅርብ ነው፣ ውሳኔው በአንድ ስልክ ያልቃል። የዓርቡን ማታ ፈተና ከማንም በላይ በፍጥነት የሚመልሰው ይህ ነው፤ ዕቃው እዚያው ካለ።

ችግሩ ያለው «ካለ» የሚለው ላይ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ቢን ካርድም (የዕቃው ብዛት የሚመዘገብበት ካርድ) ከዚያው ጋር መግጠም አለበት። አንድ ጊዜ ዕቃ አጥቶ የተወቀሰ ንብረት ክፍል ግን ሁለተኛ እንዳይወቀስ ማከማቸት ይጀምራል። ለሁለት ሞተሮች የስምንት ሞተር ኩሽኔታ ይይዛል፤ ለሌላው ጣቢያ ግን «የለንም» ይላል። እርጥበት ባለበት አገር የተቀመጠ ኩሽኔታ ደግሞ ሳያገለግል ይዝጋል፤ ለዓመታት የቆየ የጎማ ማሸጊያም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የጅማን ክረምት ያሳለፈ ግምጃ ቤት ጠባቂ ይህን ከማንም አይማርም። የቀይ ባሕር ሙቀትና ጨው ከዚህ የባሰ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ብልሃት ሲጠግን በአንድ ቀን ከፋብሪካ የወጡ ሁለት ጀልባዎች ከአሥር ዓመት በኋላ አይመሳሰሉም። የአንዷ ቧንቧ ተቀይሯል፣ የሌላዋ ኤሌክትሪክ መሥመር ዞሯል። ያኔ የአንዷ ንድፍ ለሌላዋ አይሠራም፤ የአንዷ መለዋወጫም ሌላዋ ላይ አይገጥምም።

ሁሉን በአንድ የጋራ ማዕከል መጠቅለል

ሁለተኛው አማራጭ ተቃራኒው ጫፍ ነው፤ የምድር፣ የአየርና የባሕር ኃይል ሎጂስቲክስ በአንድ ጣራ ሥር ይገባል። ብሪታንያ በ2000 የሦስቱንም ኃይሎች የሎጂስቲክስ ሥራ በአንድ የመከላከያ ሎጂስቲክስ ድርጅት አዋሐደች፤ በ2007 ደግሞ ያንኑ ድርጅት ከግዥ ተቋሟ ጋር ደባልቃ ሌላ ተቋም ፈጠረች። በወረቀት ላይ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለሦስት ቦታ ይወጣ የነበረ ጨረታ አንድ ይሆናል፣ በብዛት የተገዛ ዕቃ ይረክሳል፣ ሦስት መጋዘን የነበረው አንድ ይሆናል።

በሁለቱ ለውጦች መካከል በመስከረም 2006 ኒምሮድ የተባለው የቅኝት አውሮፕላን በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ በእሳት ተያይዞ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩ 14 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በሕግ ባለሙያው ቻርልስ ሃደን ኬቭ የተመራው ምርመራ ውጤት በ2009 ሲወጣ በቴክኒክ ጉድለቱ ብቻ አላበቃም። ለዓመታት የተከታተለው የመዋቅር ለውጥና የወጪ ቅነሳ ግፊት የኃላፊዎችን ዓይን ከደኅንነት ላይ እንዳነሳው በግልጽ አስፍሯል። ኒምሮድ አውሮፕላን ቢሆንም ጉዳዩ ለመርከብም የተገባ ነው። ቁጠባን ዓላማው ያደረገ ውሕደት ሲካሄድ ሰው ሁሉ ስለ አዲሱ ወንበሩ ያስባል፤ የድሮ አውሮፕላንን ወይም የድሮ መርከብን ቧንቧ የሚከታተል ይጠፋል።

ይህ ማለት የጋራ ማዕከል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጫማ፣ የደንብ ልብስ፣ ዱቄት፣ መድኃኒት፣ የጭነት መኪና ለባሕር ኃይል ተለይቶ የሚሠራ ስላልሆነ በጋራ መገዛት አለበት። አዲስና ትንሽ የባሕር ኃይል ለእነዚህ የራሱን ግዥ ክፍል ካቋቋመ ያለ ምክንያት ሰው ያባክናል። የመርከብ ሞተርን ግን በዚያው መዝገብ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ለብዙ ሺህ የጭነት መኪናዎች ዕቃ የሚያቀርብ ማዕከል የአራት ጀልባዎች ጥያቄ ሲመጣለት በተራው ያስቀምጠዋል፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ቁጥሩ ስለሚያንስ ነው።

በመርከብ ዓይነት መደራጀት

ብዙ የማቆየው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል ከአገሪቱ የጦር ኃይሎች አንዱ ነው። ይህ ኃይል ከ1987 ጀምሮ ሎጂስቲክሱን በአካባቢ ከፍሎ ያስተዳድር ነበር፤ ለአትላንቲክ አንድ፣ ለፓስፊክ አንድ የጥገናና የሎጂስቲክስ ዕዝ ነበረው። አንድ ዓይነት ጀልባ በሁለት ውቅያኖስ ሁለት አስተዳዳሪ ነበራት ማለት ነው። በኃይሉ አዛዥ በአድሚራል ታድ አለን ዘመን የተጀመረው ለውጥ በ2009 እነዚያን ሁለት ዕዞች አስቀርቶ ሥራውን በሚጠገነው ነገር ዓይነት ከፈለው፤ ለመርከብና ለጀልባ ባልቲሞር ላይ፣ ለአውሮፕላን ኤልዛቤት ሲቲ ላይ የሎጂስቲክስ ማዕከል ቆመ። በባልቲሞሩ ማዕከል ውስጥ ለትልልቅ መርከቦች፣ ለመካከለኞቹ፣ ለቅኝት ጀልባዎች፣ ለትንንሽ ጀልባዎች፣ እንዲሁም በረዶ ሰባሪዎችንና የባሕር ምልክት ተካዮችን ለያዘው ምድብ የየራሳቸው ቡድን ተመደበላቸው።

ሐሳቡ ከአየር ክፍሉ የተወሰደ ነው፤ አውሮፕላኖቻቸውን አስቀድመው በዚህ መንገድ ይጠግኑ ነበርና። አራት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው አንድ ዓይነት የሆኑ ጀልባዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲቆዩ መቆጣጠር ነው፤ ማንም ጣቢያ ሳያስፈቅድ ቧንቧ አያዞርም። ሁለተኛው ጥገናን በሁለት ደረጃ ብቻ መወሰን ነው፤ መርከበኛውና ጣቢያው ቀላሉን ይሠራሉ፣ ከባዱ ወደ ዴፖ፣ ማለትም ወደ ዋናው የጥገና ማዕከል፣ ይሄዳል፣ በመካከል የሚንሳፈፍ ሦስተኛ ወርክሾፕ የለም። ሦስተኛው ማንኛውም መለዋወጫ የትም መደርደሪያ ላይ ቢሆን ከአንድ ቦታ እንዲታይ ማድረግ ነው፤ «የለንም» የሚለው መልስ ያኔ አያስኬድም። አራተኛው ለአንድ የጀልባ ዓይነት መለዋወጫውን፣ ጥገናውን፣ ምሕንድስናውንና በጀቱን ጠቅልሎ የሚይዝ አንድ ኃላፊ መሰየም ነው።

የዓርቡን ማታ ፈተና ለዚህ አደረጃጀት ስጡት። ሜካኒኩ የሚጠራው የጀልባዋን ዓይነት ቡድን ነው። ዕቃው ያለበትን የሚያውቀው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው፣ ሰኞ የሚጠየቀውም እርሱው ነው። በዚያው የለውጥ ዘመን ከታቀዱት የዕዝ ለውጦች አንዳንዶቹ በተከታዩ አዛዥ በአድሚራል ሮበርት ፓፕ ጊዜ ሲቀሩ የሎጂስቲክሱ ክፍል ዘልቋል።

የዚህን ጥቅም ጅማ ውስጥ ለማየት ባጃጅ ማየት ይበቃል። የሚመሳሰሉ ባጃጆች ከተማውን ስለሞሉት መለዋወጫው በየመንደሩ ይገኛል፤ የትኛውም ልጅ ይፈታዋል። አንድ ብቻ የሆነች መኪና ግን ዕቃዋ አዲስ አበባ እስኪፈለግ ቆማ ትከርማለች።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ታሪክ ይህንኑ በመራራ መንገድ ያሳያል። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራች የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ መርከብ ነበረች፤ ማለትም ለሌሎች ዕቃ ለማቅረብና እነርሱን ለመደገፍ የተሠራች ነበረች። በ1977 ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ ፊቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ ፔትያ የተባሉት ሁለት ፍሪጌቶች (መካከለኛ የጦር መርከቦች) እና ኦሳ የተባሉት ሚሳይል ጀልባዎችም መጡ። ሞተሩ፣ የብሎኑ ልክ፣ የመመሪያ መጽሐፉ ቋንቋ ሳይቀር የተለያየ መርከብ በአንድ ወደብ ሲቆም ግምጃ ቤቱ ምን ሊመስል እንደሚችል ለመገመት የባሕር ሰው መሆን አያስፈልግም። መልሶ የሚቋቋም ኃይል ከለጋሽ አገር ሁሉ የተገኘችውን ጀልባ እየተቀበለ ከሄደ ወደዚያው ይመለሳል። በዓይነት መደራጀት አንድ ትልቅ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አዲስ ዓይነት ጀልባ ሲመጣ «ለእርሷ ቡድን አለን ወይ?» ተብሎ ከመቀበል በፊት ይጠየቃል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ሁለት መርከብ ብቻ ላለው ዓይነት ሙሉ ቡድን ማቋቋም ቅንጦት ነው። እንደዚያ ሲሆን ተቀራራቢ ዓይነቶችን፣ ለምሳሌ በአንድ የሞተር ሥሪት የሚሄዱትን፣ በአንድ ቡድን ማጠቃለል ይሻላል። ሌላው የጣቢያ አዛዦች ቅሬታ ነው። መርከቡ በእጃቸው ሆኖ ጥገናው ከሩቅ ሲታዘዝ ሥልጣናቸው የተነካ ይመስላቸዋል። ይህን ቅሬታ በመመሪያ ብቻ ማብረድ አይቻልም። ቡድኑ በየጣቢያው ቋሚ ሰው ማስቀመጥና ለአላቂ ዕቃ ትንሽ ግምጃ ቤት መተው አለበት። በማታው ትምህርት ላይ አንዱ ተማሪ በመርከብ ሞተር ክፍል የሠሩ አዛውንትን «ጋሼ፣ መርከብ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ዕቃ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልሳቸው «ፊልትሮ ነዋ፣ ልጄ! ትልቁን ሞተር የምታቆመው እርሷ ናት» የሚል ነበር። ፊልትሮ፣ ቀበቶና የጎማ ማሸጊያ በጣቢያው ይሁኑ። ውድ ሆነው የሚጠገኑት፣ እንደ ናፍጣ ፓምፕና ራዳር ያሉት፣ በማዕከል ተቀምጠው ወደተፈለጉበት ይላኩ።

ለሥራ ተቋራጭ መስጠት

ይህን አማራጭ በጥላቻ አልመለከተውም። ብሪታንያ በ1987 የዴቮንፖርትንና የሮዛይትን የመርከብ ጥገና ጣቢያዎች አስተዳደር ለግል ኩባንያዎች ሰጥታለች፤ የባሕር ኃይሏ መርከቦችም ከዚያ በኋላ እዚያው መጠገናቸውን ቀጥለዋል። ትልቅ የመርከብ መጠገኛ በየዓመቱ ሥራ ካላገኘ ገንዘብ የሚበላ ተቋም ነው፤ ትንሽ የባሕር ኃይል ብቻውን ሊሸከመው አይችልም።

አደጋው የሚመጣው ሥራው ብቻ ሳይሆን ዳኝነቱም አብሮ ሲሰጥ ነው። ያው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል በ2002 መርከቦቹን የማዘመን ትልቁን ዕቅድ ሎክሂድ ማርቲንና ኖርዝሮፕ ግራማን በጋራ ላቋቋሙት ድርጅት ሲሰጥ ሥራውን የማቀናጀት ሥልጣንም አብሮ ሰጠ። ከዕቅዱ አንዱ 110 ጫማ ርዝመት ያላቸውን የቅኝት ጀልባዎች በኋላቸው 13 ጫማ ቀጥሎ 123 ጫማ ማድረግ ነበር። 49 ሊቀየሩ ታስቦ ስምንት ተቀየሩ። ማታጎርዳ የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ በ2004 ቀፎዋ ተጨማደደ፤ ጥገናና ማጠናከሪያ ተሞክሮ አልሆነም። በኅዳር 2006 ስምንቱም ከሥራ ወጡ፤ በ2007 የማቀናጀቱን ሥልጣን ተቋሙ ራሱ መልሶ ወሰደ። በርዝመቷ ላይ የተቀጠለች ጀልባ ወገቧ ላይ የሚያርፈውን ጫና ማስላት የመርከብ መሐንዲስ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ስሌቱን አይቶ «ይህ አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው የመንግሥት መሐንዲስ በቦታው ሲጠፋ ሥራው እዚህ ይደርሳል።

አውስትራሊያ የምትነግረን ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በየካቲት 2011 መጀመሪያ ያሲ የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ኩዊንስላንድን ሲመታ ባሕር ኃይሏ ለእርዳታ የምትወጣ አንዲት የማረፊያ መርከብ (ወታደርና ጭነት ወደ ባሕር ዳር የምታወርድ መርከብ) አልነበረውም። ማኑራ ከአገልግሎት ልትሰናበት ተወስኖባታል፣ ካኒምብላ ተበላሽታ ቆማለች፣ ቶብሩክም ዝግጁ አልነበረችም። ፖል ሪዞ የመሩት ምርመራ በሐምሌ ወር ውጤቱን ይፋ አድርጎ 24 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። በዓመታት ውስጥ የባሕር ኃይሉ የምሕንድስና አቅም ተሸርሽሮ እንደነበር፣ የኃላፊነት ድንበሩም እንደደበዘዘ ዘረዘረ። ማንም ሰው አንድ ቀን ተነስቶ መሐንዲሶቹን ይባረሩ አላለም። ቀስ በቀስ ሳሱ፤ መሳሳታቸውም የታየው በተፈለጉ ቀን ነው።

በሌላ አገር ወደብ መደገፍ

ወደብ ለሌላት አገር ይህ ጥያቄ አይቀርም፤ ስለዚህ ከላይ ካሉት ሁሉ ጋር ተደርቦ መታየት አለበት። በ1990 ምፅዋ ስትያዝ የቀድሞው ባሕር ኃይል ዋና ጣቢያውን አጣ። በ1991 መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ» እዚያው በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወደ ጅቡቲ የተዛወሩት ቀሪዎቹ በወደብ ክፍያ ውዝፍ ምክንያት በ1996 ለጨረታ ቀረቡ፤ የባሕር ኃይሉም በዚያው አከተመ። ባሕር ኃይሉን በመጨረሻ የዘጋው የውጊያ ሽንፈት ሳይሆን ያልተከፈለ ሒሳብ ነው። በሰው ወደብ የሚቆም ኃይል ውድ መለዋወጫውንና ዴፖውን በአገሩ ያስቀምጥ፤ በወደቡ የሚኖረው ተነስቶ ሊጫን የሚችለው ብቻ ይሁን፤ የወደብ ክፍያውም ከጥገና በጀት ጋር የማይነካካ የራሱ መደብ ይኑረው። ሞጆን የመሰለ የባቡር መሥመር የሚደርስበት ደረቅ ወደብ ለዚህ ዓይነት መጋዘን የተመቸ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ከአሥር የማይበልጡ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ጀልባዎች በአንድ ጣቢያ ካሉ ከጣቢያ አደረጃጀት መጀመር ይቻላል፤ ውስብስብ መዋቅር አያስፈልግም። ብቻ የምሕንድስና ፈራሚው ከጣቢያ አዛዡ ውጪ ለሆነ አካል ተጠሪ ይሁን። ጣቢያዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ወይም ዓይነቱ ሲበዛ በዓይነት ወደመደራጀት መሄድ ግድ ነው፤ ለዚህ አሥረኛው ጀልባ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። መርከቦቹ ትልልቅ ሆነው መጠገኛ ከሌለ ተቋራጭ ይጠራ፤ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሥራውን የሚረከቡት መሐንዲሶች በስም የታወቁና የተቀጠሩ መሆናቸው ይረጋገጥ። የጋራ ማዕከሉ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ለአልባሳትና ለስንቅ ያገልግል።

ወደ አዲሱ አደረጃጀት የሚሸጋገር ሁሉ መጀመሪያ መቁጠር አለበት። ሣጥን እየከፈተ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ከቢን ካርዱ ጋር እያመሳከረ፣ የደረቀውን ጎማ ከደህናው እየለየ። ያልተቆጠረ ንብረት ወደ አዲስ መዋቅር ሲዛወር ጉድለቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አዲሱ ኃላፊም በመጀመሪያው ወር ሥራውን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል። ከቆጠራው ቀጥሎ ጀልባዎቹ ዛሬ ያሉበት ሁኔታ በንድፍ ይመዝገብ። ሰዎቹ የሚዛወሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ የድሮው ክፍል ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን የሚሠራበት ጊዜም ይሰጠው።

በጀቱ ግን ከኃላፊነቱ ጋር በአንድ ቀን መዛወር አለበት። የመለዋወጫው ገንዘብ በጣቢያ አዛዡ እጅ ቀርቶ ተጠያቂነቱ ብቻ ወደ ዓይነት ቡድኑ ከሄደ ቡድኑ በየዕቃው ደብዳቤ ሲጽፍ ይኖራል። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ሰኔም በየመሥሪያ ቤቱ የቆጠራ ወር ስለሆነ፣ ቆጠራውን በሰኔ ጨርሶ ኃላፊነቱንና ገንዘቡን አብሮ በሐምሌ መባቻ ማስረከብ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።